እማዬ ከመርከቡ ትውረድ ወይስ ትቀመጥ?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዚህ ዓምድ። የምኖረው ሲያትል ነው። ወንድሜና እኔ ተዋጥተን እማዬን በነሐሴ የአላስካ ክሩዝ ልንወስዳት ቲኬት ቆርጠናል። ሰባት ቀን ነው፤ ከሲያትል ተነስቶ ሲያትል ይመለሳል። ጭቅጭቅ ያመጣብን ስካግዌይ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። መርከቡ እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ይቆማል። ወንድሜ ‹ሄሊኮፕተር እናሳፍራት፣ በረዶ ላይ ትውረድ› ይላል። ሄዳ ያየች የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹የቱሪስት ሱቅ ብቻ ነው፣ ባትወርዱም አይቆጫችሁ› አለችኝ። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ፍልሰታን ትጾማለች። እሷን ስጠይቃት መልሷ ‹እናንተ ያላችሁትን› ነው። ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፣ ግሪን ካርድ አላት። ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ ነው፣ አባቷ የሸማንደፈር ሠራተኛ ነበሩ። ብዙ መከራ ችላ ያሳደገችን ሴት ናትና ያቺ ቀን እንድትበላሽባት አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከሲያትል»

መልስ፦

ግራ የገባሽ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱ እኮ እዚያው ውስጥ አለ! ስለ ሄሊኮፕተሩና ስለ ሱቁ ስትጨነቂ ቆይተሽ፣ መጨረሻ ላይ «አባቷ የሸማንደፈር ሠራተኛ ነበሩ» የሚለውን እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርገሽው አለፍሽ። የስካግዌይ ትልቁ ነገር ባቡር ነው። እናትሽ ይውረዱ፣ ባቡሩን ይሳፈሩ። ሌላው ቢቀር ይቅር።

ወደ ባቡሩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ወረቀት።

የእናትሽ የኢትዮጵያ ፓስፖርት መቼ ነው የሚያልቀው? ይህን ማንበብ አቁሚና ሄደሽ እዪው። ግሪን ካርድ ከመጣ በኋላ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ኤክስፓየር የሚያደርግባቸው ስንት እናቶች አሉ መሰለሽ። «አላስካ እኮ አሜሪካ ነው» ትይኝ ይሆናል። ነው። ግን ከሲያትል የሚነሱት ትልልቅ መርከቦች የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የውጭ መርከብ መንገደኛ ጭኖ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ እንዳይዞር ይከለክላል። ስለዚህ መንገድ ላይ አንድ የውጭ ወደብ መንካት አለባቸው። አብዛኞቹ ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ላይ ለጥቂት ሰዓት ይቆማሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ፣ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካናዳ ሲገባ ቪዛ ባያስፈልገውም፣ ግሪን ካርዱንና ጊዜው ያላለፈ የአገሩን ፓስፖርት አንድ ላይ መያዝ አለበት። ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም። «እኛ ቪክቶሪያ አንወርድም፣ መርከቡ ላይ እንቀመጣለን» የሚለውም አያዋጣም፤ ወረቀት የሚታየው ገና ሲያትል ላይ ስትሳፈሩ ነው። ሻንጣ ይዞ፣ አዲስ ሹራብ ለብሶ፣ ከመርከቡ ደጃፍ መመለስን አስቢው። የእናትሽ ፓስፖርት ጊዜው ካለፈ እድሳቱን ዛሬውኑ ጀምሪ። እንዴት እንደሚጎተት ላንቺ አልነግርሽም። (እናታቸው በጉብኝት ቪዛ የመጡላችሁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ለእናንተ ነገሩ ይብሳል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ካናዳ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ቪዛቸውም ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ አስቀድማችሁ እዩ።)

እሺ፣ አሁን ወደ ባቡሩ።

በነሐሴ 1888 ዓ.ም.፣ ከአድዋ ድል አምስት ወር ተኩል በኋላ፣ ያውም በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ ክሎንዳይክ በሚባል የካናዳ አካባቢ ወርቅ ተገኘ። ወሬው ሲያትል የደረሰው በዓመቱ ሐምሌ ላይ ነው። ፖርትላንድ የተባለች መርከብ ወርቁን ከነባለቤቶቹ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ አበደ። ወደ መቶ ሺህ ሰው መንገድ ጀመረ ይባላል። ብዙዎቹ ከመርከብ የወረዱት ስካግዌይና አጠገቧ ባለችው ዳዪ ነው። ከዚያ ተራራ አለ። የካናዳ ፖሊስ ደግሞ የዓመት ስንቅ ያልያዘ አላሳልፍም አለ። ስንቁ ከነመሣሪያው ለአንድ ሰው ወደ አንድ ቶን ይመጣ ነበር። ያንን ሁሉ በሸክምና በአጋሰስ ነው ያጋዙት። ኋይት ፓስ በሚባለው የተራራ መንገድ ብቻ ወደ 3,000 ፈረስና አጋሰስ አለቀ። ቦታው ዛሬም የሞተ ፈረስ ገደል ይባላል። ባቡሩ በአጠገቡ ያልፋል።

ባቡሩ የተሠራው ለዚህ ነው። ሥራው የተጀመረው በግንቦት 1890 ዓ.ም. ነው። አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የመጣው ሐዲድ ሥራውም የተጀመረው በዚያው በ1890 ዓ.ም. ነው፣ በጥቅምት። በአንድ ዓመት! አንዱ ከበረሃ ወደ ደጋ፣ አንዱ ከባሕር ወደ በረዶ። ሁለቱም ጠባብ ሐዲድ ናቸው። የእኛው አንድ ሜትር ነበር፣ የእነሱ ትንሽ ይጠባል፣ 91 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የእነሱ በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ አለቀ። የእኛው ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ከተማዋንም የወለደው እሱ ነው። ለእናትሽ ይህን ስትነግሪያቸው ፊታቸውን እዪልኝ።

የስካግዌዩ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1982 የማዕድን ዋጋ ሲወድቅ ቆሞ ነበር። በ1988 ለቱሪስት ተብሎ ተመለሰ። እናትሽ በዚህ ቦታ ዝም ሊሉ ይችላሉ። የእሳቸውም ባቡር እንደ ድሮው አይሄድም፤ አዲሱ በሌላ መስመር መጣ እንጂ አሮጌው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ዝም ካሉ ዝም በይ። ካሜራ አታውጪ።

አሁን ወደ ሥራው። የምትፈልጉት ወደ ኋይት ፓስ ጫፍ ወጥቶ የሚመለሰውን ነው። ደርሶ መልስ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ሌሎች ረጃጅም ጉዞዎች ካናዳ ውስጥ ገብተው የሚያወርዱ አሉ። እነሱን ለሌላ ጊዜ አቆዪያቸው። በዚህኛው ማንም አይወርድም፣ ጫፉ ላይ ሞተሩ ዞሮ ከፊት ይቀጠላል፣ የወንበሩ መደገፊያ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ትመለሳላችሁ። ሲወጣ ገደሉና ፏፏቴው የሚታየው በግራ በኩል ነው። ጫፍ ላይ ግን ከማዶ ካሉት ጋር ቦታ ስለምትቀያየሩ ለግራው ወንበር ከሰው ጋር አትጣይ። እያንዳንዱ ፉርጎ ሽንት ቤት አለው። ደረጃው ግን ቁልቁል የሆነ የድሮ ባቡር ደረጃ ነው፣ ለታመመ ጉልበት አይመችም። ሊፍት ያለው ፉርጎ አለ፤ ግን ቲኬት ሲቆረጥ ቀድመሽ መጠየቅ አለብሽ። በዕለቱ ሄደሽ «እናቴ ጉልበቷን...» ብትይ ማንም ፉርጎ አይቀይርልሽም።

ከመርከቡ ግዢ ወይስ በቀጥታ ከባቡሩ? በቀጥታ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። እኔ ግን ለ71 ዓመት እናት ከመርከቡ እገዛ ነበር። የመርከቡ ጉዞ ከሆነ ባቡሩ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ በራስሽ ከሄድሽ አይጠብቅም።

ከፍታውን አትፍሪ። ጫፉ 873 ሜትር ነው። ሰዎች «ተራራው ጫፍ ወጣን» ብለው ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ከድሬዳዋ ያነሰ ነው። ይህንንም ንገሪያቸው፣ ይስቃሉ።

ስለ ስልክ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን ይዤ በዚሁ ባቡር ወጣሁ። የተራራው ጫፍ የአሜሪካና የካናዳ ድንበር ነው። ስልኬ የካናዳ ኔትወርክ ያዘና ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ዘለለ። እኔ ምን አውቄ? ከባቡሩ ስንወርድ ስልኬን አየሁ፣ ልቤ ተሰነጠቀ። አክስቴን በክንድ ይዤ ወደ መርከቡ እየጎተትኩ ሮጥኩ። ነጠላዋ አንዴ ትከሻዋ ላይ፣ አንዴ መሬት ላይ። መርከቡ በር ላይ የቆመው ሠራተኛ ካርዳችንን ስካን አድርጎ «ገና አንድ ሰዓት ከሩብ አላችሁ» አለን፣ ፈገግ ብሎ። አክስቴ ትንፋሿን ስታገኝ «አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ሰዓት ብለሽ ነፍሴን ልታወጫት ነው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ በየሠርጉ ትተርካታለች። በወሩ የሮሚንግ ቢልም ደረሰኝ። ስለዚህ ባቡሩ ሳይነሳ ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ሰዓት ደግሞ የእጅ ሰዓት ይሁን። አላስካ ከሲያትል አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የምትመሩት ግን በመርከቡ ሰዓት ነው።

ሌላ ሰዓት ደግሞ አለ፣ የእኛው። የእናትሽ የእጅ ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው አይደል? የመርከቡ ወረቀት «7:30 ሁሉም ይግባ» ይላል እንበል። እሳቸው 7:30ን ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ያደርጉታል፣ ምሳ ሳይበሉ ይጨነቃሉ። የባሰው ወንድምሽ ነው። «1:30 እንገናኝ» ቢላቸው እሱ የቀኑን ነው የሚያስበው፣ እሳቸው የማታውን። ትንሽ ወረቀት ላይ በእጅሽ በአማርኛ ጻፊላቸው፦ «ወደ መርከቡ መግቢያ ማታ 1 ሰዓት ተኩል»። ቦርሳቸው ውስጥ ከመታወቂያቸው ጋር ይሁን። የመርከቡም ስም ይጻፍ፤ አራት መርከብ ጎን ለጎን ሲቆም ለእኔ እንኳ ሁሉም አንድ ዓይነት ሕንፃ ነው የሚመስለኝ።

ስለ ጾሙ። መጀመሪያ ጠይቂያቸው፦ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚቆዩት? እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ጠዋት በባዶ ሆድ ተራራ ሊወጡ ነው። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ከመንገዱ በፊት ያነጋግሩ፣ ላንቺ ቃል ሳይሆን ለእሳቸው ቃል ነው የሚታዘዙት። መርከቡ ላይ «ቪጋን» በይ፣ ያውቁታል። ግን ከማታው ለአስተናጋጁ ንገሪው፣ አትክልቱ ላይ ቅቤ እንዳያደርግበትም ጨምሪ። ብዙ መርከብ ላይ የህንድ ምግብ ይሠራል፤ የምስር ወጡ በርበሬ ባይኖረውም የእኛን ይጠጋል። ስካግዌይ ውስጥ በየምግብ ቤቱ ሳልመን ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናትሽ ተይላቸው።

የታሸገ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዢ። ፍራፍሬ ከመርከቡ ይዛችሁ አትውረዱ፣ ወደብ ላይ ይከለከላል። ዕጣን፣ ሻማ፣ ምድጃ የሚባል ነገር ደግሞ ሻንጣ ውስጥ እንዳላይ። መርከብ ላይ እሳት ነክ ነገር ሁሉ ይነጠቃል። ጀበናዋ ለሰባት ቀን ቤት ትረፍ። ፔርሙዝ ይበቃል፣ ሙቅ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት አለ።

ልብስ? ነሐሴ ላይ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ 18 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ነፋሱ ግን ክፉ ነው። የከተማዋ ስም ራሱ ከትሊንጊት ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ሆኖ ከነፋስና ከሚናወጥ ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ጋቢ ይያዙ፣ ከላዩ የዝናብ ጃኬት። የእግረኛ መንገዱ የእንጨት ርብራብ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ጫማው ሶሉ የሚይዝ ይሁን።

ባልደረባሽ «ሱቅ ብቻ ነው» ያለችሽ ግማሽ እውነት ነው። ከተማዋ የ1,200 ሰው ከተማ ናት። አንድ ትልቅ መርከብ ብቻውን የነዋሪውን ሦስት እጥፍ ያራግፍባታል። ብሮድዌይ የሚባለው ዋናው መንገድ እኩለ ቀን ላይ መርካቶን ያስንቃል። በተለይ የአልማዝና የጌጣጌጥ ሱቆቹ። በር ላይ ቆመው «ነፃ ስጦታ አለሽ፣ ግቢ» ይሉሻል። የነፃውን ለመውሰድ ገብተሽ ባለ ዋጋውን ይዘሽ ትወጫለሽ። እናትሽ ወርቅ ያውቃሉ፣ ለእሳቸው አልሰጋም። ላንቺ ነው የምሰጋው።

ማታለል እዚያ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። በወርቁ ዘመን ሶፒ ስሚዝ የሚባል አጭበርባሪ ነበር፣ «ቀይዋን ያየ!» የሚሉት ልጆች አባት በይው። የቴሌግራም ቢሮ ከፍቶ «ለቤተሰብህ ደህና ደረስኩ በል» እያለ በ5 ዶላር መልእክት ይቀበል ነበር ይባላል። ሰውየው ከፍሎ ይሄዳል፣ በማግስቱም ከቤተሰቡ «ገንዘብ ላክ» የሚል መልስ ይመጣለታል። ሽቦው ግን የትም አይሄድም ነበር። ስካግዌይ የቴሌግራፍ መስመር ያገኘችው እሱ በሐምሌ 1890 ዓ.ም. በጥይት ከተገደለ ከዓመታት በኋላ ነው። የሆነ ነገር መግዛት ካማራችሁ ዕቃው ላይ የነጭ ድብ ምልክት ያለበትን «በአላስካ የተሠራ» የሚል ምልክት ፈልጊ። የአገሬው ተወላጆች ሥራ ከሆነ ደግሞ የብር እጅ ምልክት አለው።

የቀኑ አካሄድ እኔ ብሆን እንዲህ ነው። ጠዋት ባቡር። ለብዙዎቹ መርከቦች ባቡሩ እዚያው መርከብ ማቆሚያው ድረስ ይመጣል፣ ርቀት የለውም። ከዚያ ወደ መርከቡ ተመለሱ። ሁሉም ሰው ከተማ ሲጋፋ መርከቡ ባዶ ነው፤ እናትሽ ይተኙ፣ ጉልበታቸውን ያሳርፉ፣ ጾማቸውን በሰዓታቸው ይፍቱ። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ውጡ። ብዙ ሰው ወደየመርከቡ ይመለሳል፣ ብርሃኑ ግን ገና ነው። ብሮድዌይ ላይ ፊቱ በሙሉ በባሕር በተገፋ እንጨት የተለበጠ ቤት አለ፣ ከ8,800 በላይ ቁራጭ እንጨት ነው የተመታበት። ከፊቱ አንድ ፎቶ ይበቃል። መቀመጫ ፈልጋችሁ ተቀመጡ። የመቃብር ቦታውን፣ ፏፏቴውን፣ ሙዚየሙን ሁሉ ላዳርስ አትበይ።

ወንድምሽን ምን ትይዋለሽ? ሄሊኮፕተሩ ውድ ነው፣ ደመና ሲወርድ ይሰረዛል፣ በረዶው ላይ መሄድ ደግሞ ለእናትሽ ጉልበት አይሆንም። እሱ ከፈለገ ለራሱ ይውጣ፣ ማታ ይተርክልናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን የወርቅ ዘመን የሚያሳየው የክሎንዳይክ ብሔራዊ ፓርክ አንዱ ክፍል ያለው ስካግዌይ ሳይሆን እዚያው ሲያትል ነው፣ ፓዮኒር ስኩዌር። መግቢያው ነፃ ነው። ከጉዞው በፊት አንድ ቅዳሜ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ያንን የአንድ ቶን ስንቅ ሥዕል ቁመው ሲያዩ፣ አባታቸው ሸማንደፈር ላይ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቂያቸው። ሾፌር ነበሩ? ሐዲድ ጠጋኝ? ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ነበር ቤታቸው? ደብዳቤሽ ውስጥ አልነገርሽኝም፣ ምናልባት አንቺም አታውቂው ይሆናል። ያሉሽን ጻፊልኝ።